ምዕራፍ ሰባት፦ ደም

ጎባ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውዷ ረቢያ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽና ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ወንድምሽ ቃሲም የሮቤ ሱቁን ዘግቶ ጎባ ድረስ አመጣልኝ። ለኔ የምትጽፊውን ሁሉ በእሱ እጅ ብቻ ላኪው፤ ፖስታ ቤት የሚያልፍ ወረቀት ስንት ዓይን እንደሚያየው ታውቂያለሽ።

አለቀስሽ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አላለቀስኩም። ቆሽቴ ነው ያረረው። ቆሽት የት እንዳለ ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ምዕራፍ አራት ላይ በሁለት ቀለም ስዬዋለሁ።

እስቲ አሁንም አረጋግጪልኝ። ሽፋኑን በገዛ እጅሽ ነው ታይፕ የመታሽው? «የሰው ባዮሎጂ መግቢያ፤ ለኮሌጅ ተማሪዎች። አዘጋጅ፦ ወልደጊዮርጊስ»፣ በቃ? ከሥር በትንሽ ፊደል እንኳ የኔ ስም የለም?

ሦስት ዓመት የፈጀብኝ ሥራ ነው። በሮቤ የገበያ ቀን ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ሥጋ ቤት ደጅ ቆሜ፣ የከብት ሳንባና ጣፊያ እያገላበጥኩ፣ አራጆቹን «ይህን በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ? በኦሮምኛስ?» እያልኩ ነው ስሙን አንድ በአንድ የለቀምኩት። መምህርቷ አበደች ተብሎ ተወርቶብኛል። ወልደጊዮርጊስ ይህን ሁሉ ያውቃል። የጎባ ልጅ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረናል፣ አንቺ በምትሠሪበት ኮሌጅ ሲቀጠር ደስ ብሎኝ እልል ያልኩ ነኝ። «ስድስቱን ምዕራፍ ላኪልኝና ለኮሌጁ ላሳይልሽ፣ ስምሽ ከፊት ይሆናል» አለኝ። አመንኩት።

ከእሱም ትናንት ደብዳቤ ደርሶኛል። «ውድ እህቴ» ብሎ ይጀምራል፤ አያፍርም። ምዕራፍ ሰባት ቀርቶበታል፤ ስለ ደም የሚያስተምረው። ለታኅሣሥ ይደርስ ዘንድ ፈጥኜ እንድልክለት ይለምነኛል።

እልክለታለሁ። አሳምሬ እልክለታለሁ።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ምዕራፉ እጅሽ ሲገባ እንዳለ ምቺው፤ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ። ከኔ የምትሰሚውንም ለማንም እንዳትተነፍሺ። ይህን በሼህ ሁሴን ማይልኝ። ለምን እንደሆነ አሁን አትጠይቂኝ።

እህትሽ ማንያህልሻል

~

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 6 ቀን 1978

ማንዬ፣

አካም ጅርታ? ነጋ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ከወገቤ በቀር። ከጠዋት እስከ ማታ ታይፕ ላይ ተደፍቼ ነው የምውለው።

ያልሽኝን አድርጌያለሁ። በሼህ ሁሴን ምዬልሻለሁ። እናቴ ብትሰማ «ምን እንደሆነ ሳታውቂ በሼኩ ማልሽ?» ብላ ከቤት ታስወጣኝ ነበር። አንቺም ብትሆኚ የባሌ ልጅ ነሽ፤ በእሳቸው ምሎ ያጠፈ ሰው ምን እንደሚደርስበት አብረን እየሰማን ነው ያደግነው። ለሌላ ሰው ቢሆን አላደርገውም።

ስለ ወልደጊዮርጊስ ልንገርሽ። ደራሲ ከሆነ ወዲህ አረማመዱ ተለውጧል። ቢሮዬ ሲገባ «ጓድ ረቢያ፣ መጽሐፌ እንዴት ነው?» ይለኛል። «ከጎባ ደብዳቤ ይመጣልሻል?» ብሎም ጠየቀኝ። ቅቤ ነው የሚመጣልኝ አልኩት። ሳቀ።

ምዕራፍ ሰባትን ባለፈው ሰኞ ሰጠኝ። አንዴም ያነበበው አይመስለኝም፣ ወረቀቱ ከፖስታው እንደወጣ ነው። የማባዣውን እስቴንስል ትናንት ጨርሻለሁ። እንዳለ ነው የመታሁት፤ ከደም ትምህርት የማውቀው ቀይ መሆኑን ብቻ ነው። በየካቲት መጽሐፉን ለኅትመት የሚገመግም ኮሚቴ ይቀመጣል፣ አንድ ሐኪምም አለበት ይባላል። እሱ ከአሁኑ አዲስ ኮት አሰፍቷል።

አሁን ንገሪኝ። ምን አድርገሽ ነው?

ረቢያ

~

ጎባ፣ ኅዳር 21 ቀን 1978

ውዷ ረቢያ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ሳላስረዳሽ ማስማሌ ጥፋት ነውና ይቅር በይኝ። ምስጢሩን አሁን እነግርሻለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለን ቤተ ሙከራ ገብተን፣ ጣታችንን በመርፌ ወግተን የደማችንን ዓይነት እንድንለይ ታዘዝን። ወልደጊዮርጊስ የራሱን ጠብታ ሲያይ ዓይኑ ተገለበጠ፣ ከነወንበሩ ወለሉ ላይ ተዘረረ። የእሱን ሥራ እኔ ሠራሁለት። ፈተናውንም ከኔ ገለበጠ። ከዚያ ወዲህ ስለ ደም የሚያወራ ገጽ ሲያጋጥመው እየዘለለ እንደኖረ አውቃለሁ። የሰጠሁትን ሳያላምጥ እንደሚውጥ ያወቅኩትም በዚህ ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። ደሙ «ኦ» የሆነ ሰው ለሁሉም መስጠት ይችላል፤ «ኤቢ» የሆነ ደግሞ ከሁሉም መቀበል ይችላል። ይህን የኔ ተማሪዎች ተኝተው ቢቀሰቀሱ ይመልሱታል። እኔ ግን ለወልደጊዮርጊስ አገላብጬ ጻፍኩለት። ሰጪውን ተቀባይ፣ ተቀባዩን ሰጪ አደረግኩት። ሠንጠረዡንም በዚያው ልክ አሳምሬ አሰመርኩ።

ሐኪሙ ያንን ገጽ ሲገልጥ ወልደጊዮርጊስ በአዲሱ ኮቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እንዲሆን ነው የምፈልገው። «ይህን ማን ጻፈው?» ይባላል። «እኔ» ካለ ደንቆሮ ነው፤ «እኔ አይደለሁም» ካለ ሌባ ነው። ሁለቱንም በር ዘግቼበታለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ተደስቼ የጻፍኩት ምዕራፍ የለም።

ሰው ቢሞትስ እንዳትይኝ። እነዚህ ልጆች መምህር ሊሆኑ ነው የሚማሩት፤ የሚይዙት ጠመኔ እንጂ መርፌ አይደለም። ኮሚቴው ከተቀመጠ በኋላ ይታረማል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እኔ አልረሳሁም።

ማንያህልሻል

~

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1978

ማንዬ፣

ተናድጄብሻለሁና ሰላምታው ይቅርብሽ።

በስንቱ ነገር የማውቅሽ ሴት፣ ሰውን ለማዋረድ ሐሰት በጠመኔ ታስጽፊያለሽ ብዬ አላሰብኩም። አባቴ ነፍሱን ይማረውና «ጉድጓድ ስትቆፍሪ አታርቂው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቂውም» ይል ነበር። የሚገባበትን ልንገርሽ?

ቦሩ እዚህ ነው። የሪራው ቦሩ፣ የማር ነጋዴዋ የጤቤ ልጅ፣ ጎባ ላይ አራት ዓመት ያስተማርሽው። ዘንድሮ የኛ ኮሌጅ ደርሶታል። ትናንት ማባዣው ክፍል መጥቶ ምዕራፍ ሰባትን ከእጄ ተቀበለ። በኦሮምኛ ስናወራ ቆየን፤ እናቱን፣ ጫካውን፣ አንቺን አነሣን። «መምህርቴን ሰላም በይልኝ» አለ። ከዚያ እዚያው እንደቆመ ገልጦ ማንበብ ጀመረ፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። «ረቢያ፣ ይህ ልክ አይደለም እኮ» አለኝ።

ምን ልበለው? «እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ የሰጡኝን ነው የምመታው» አልኩት። ወላሂ፣ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

እስቴንስሉ አሁንም እጄ ላይ ነው። ለቀሪዎቹ ክፍሎች ገና አልተባዛም። ማረሚያ ቀለም ቀብቼ ሁለቱን ቃላት ላቀያይራቸው እችላለሁ፣ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ ለእነቦሩም ሌላ ቅጂ እሰጣቸዋለሁ። ግን ምያለሁ። መሐላውን ልትፈቺልኝ የምትችይው አንቺ ብቻ ነሽ። ባክሽ ፍቺኝ።

ረቢያ

~

ጎባ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1978

ውዷ ረቢያ፣

በመጀመሪያ ቦሩ ኮሌጅ በመግባቱ እንኳን ደስ አለን። ሰኔ ላይ ሊሰናበተኝ ሲመጣ ውጤቱን ገና አልሰማም ነበር። ከእናቱ የመጣ ሁለት ኪሎ ማር ደጄ ላይ አስቀምጦ፣ ሳልከፍለው ሮጠ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው።

ጨካኝ ሆንሽ ብለሽኛል። ሆኛለሁ። ግን ልጁን ከአንቺ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ብልህ ነው። ፈተናው ላይ መምህሩ የሚወደውን ይጽፍና እውነቱን በሆዱ ይይዛል። እኛ ሰኞ ሰኞ የውይይት ክበብ ውስጥ የምናደርገው ይህንኑ አይደለም? ደግሞስ በአንድ ጥያቄ የወደቀ ተማሪ ማን ነው?

ልጽፍለት ብዕር አንሥቼ ነበር። ከጻፍኩለት ምስጢሩ ይወጣል ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት።

አልፈታሽም ረቢያ። አሁን ካረምሽው መጽሐፉ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ በየኮሌጁ ይከፋፈላል፣ የእሱ ስም በኔ ድካም ላይ ለዘላለም ይታተማል። እኔ እዚህ ጎባ የእሱን መጽሐፍ ይዤ ሳስተምር ይታይሽ። ያን ከማይ ዓይኔ ቢጠፋ ይሻለኛል። አንድ ወር ተኩል ብቻ ነው የቀረው። ታገሺኝ።

ማንያህልሻል

~

አዲስ አበባ፣ የካቲት 7 ቀን 1978

ማንያህልሻል፣

ኮሚቴው ባለፈው ረቡዕ ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድም ሳላስቀርብሽ ይኸው።

ሐኪሙ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ስድስቱን ምዕራፍ አመሰገነ። ሥዕሎቹን ይበልጥ አመሰገነ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አደረገው። «ጓድ ወልደጊዮርጊስ፣ የአንተ ደም ምን ዓይነት ነው?» አለው። አላውቀውም አለ። «እንግዲያው በዚህ መጽሐፍ አንተን ለማከም ብንነሣ ዛሬውኑ እንቀብርሃለን» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ከዚያ ሠንጠረዡን እንዲያስረዳ ጠየቁት። ላቡ በአዲሱ ኮት አንገትጌ ላይ ወረደ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጀምሮ አልጨረሰውም። በመጨረሻ «ይህን ምዕራፍ ሌላ ሰው ነው ያዘጋጀው» አለ። «የትኞቹንስ አንተ አዘጋጀህ?» ሲባል የኮቱን ቁልፍ መቆለፍና መፍታት ጀመረ። መጽሐፉ ታገደ።

የፈለግሽው ይህ ነበር። ሆኖልሻል።

ስለ ቦሩ ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ። ዛሬ ራሴን አሞኛል።

ረቢያ

~

ጎባ፣ የካቲት 14 ቀን 1978

ውዷ፣ የልቤ ረቢያ፣

ምን ብዬ ላመስግንሽ? ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። «ዛሬውኑ እንቀብርሃለን» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የማነበው፤ ጎረቤቶቼ ምን ነካት ይላሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ያንን ሐኪም ባገኘው ጉልበቱን እስመው ነበር።

ትናንት ሮቤ ወርጄ እነዚያን አራጆች ሰላም አልኳቸው። ግማሽ ኪሎ ጥብስ አዝዤ ብቻዬን ጨረስኩት። በምን ደስታ እንደምበላ አልነገርኳቸውም።

ላቡ በየት በኩል ነበር የወረደው? ኮቱን ሲቆልፍና ሲፈታ ወደ ማን ነበር የሚያየው? ሲወጣ ማን አናገረው? እነዚህን ዘለሻቸዋል። እያንዳንዷን ጻፊልኝ፤ አራት ወር የጠበቅኩት ግብዣ ነውና ፍርፋሪውም አይቅርብኝ።

አሁን መሐላሽን ልፈታልሽ እችላለሁ። ግን ነገሩ እስኪበርድ ትንሽ እንቆይ። ስድስቱ ምዕራፍ መወደሱ ከተረጋገጠ ራሴ በስሜ አቀርበዋለሁ።

ቦሩስ ፈተናውን እንዴት ሆነ? አደራ፣ አሁን እንኳ አትዝለይው።

ማንያህልሻል

~

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 1 ቀን 1978

ማንዬ፣

ባለፈው ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩሽ። ሌላውን ለመጻፍ ሐሞቴ ፈሶ ነበር። ይቅር በይኝ፤ አሁን ግን እንዳለ እነግርሻለሁ።

ቦሩ በሆዱ አልያዘውም። ፈተናው ገና ሳይደርስ፣ ክፍል ውስጥ፣ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰውን እንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ ተነሣ። ወልደጊዮርጊስ ተቀመጥ አለው። አልተቀመጠም። «እነዚህን ሥዕሎች አውቃቸዋለሁ። የመምህርቴ የማንያህልሻል እጅ ናቸው፤ ስትስላቸው ቆሜ አይቻለሁ። ይህን ስሕተት ግን እሷ አልጻፈችውም። እሷ አትሳሳትም» ብሎ ለመቶ ሃያ ተማሪ ተናገረ። ስምሽን በዚህ ኮሌጅ ጮክ ብሎ የጠራ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰውዬው ጥርሱን ነከሰበት። ፈተናው ላይም ልጁ እውነቱን ጻፈ፣ ዜሮ ተሰጠው።

በኮሚቴው ዕለት ደግሞ ለሻይ ተነሥተን ስንመለስ ወልደጊዮርጊስ ሌላ ሰው ሆኖ ገባ። ሁለት በር ዘግቼበታለሁ ብለሽ ነበር። ሦስተኛ በር አገኘ፤ በቦሩ በኩል ወጣ። «ይህ አሻጥር ነው» አለ። «ምዕራፉን የላከችው የጎባ መምህርት ናት። ቦሩ የእሷ ተማሪ ነው። ስሕተቱ የት እንዳለ አስቀድሞ ያወቀው ተመካክረው ስለሆነ ነው» አለ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ቃሉን በወረቀት እይዛለሁ። ቦሩ ምንም እንደማያውቅ የማውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ መሐላው ያዘኝ። ፍርሃትም ያዘኝ፣ አልዋሽሽም።

ቦሩን አባረሩት። ከኮሌጅ የተባረረ ወጣት ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ቀበሌው በማግስቱ ለብሔራዊ ውትድርና መዘገበው። የዛሬ ሳምንት ከሌሎች ጋር በጭነት መኪና ወደ ማሠልጠኛ ወሰዷቸው። ሦስት ወር ሲሞላው ወደ ሰሜን ነው።

ለአንቺም ትምህርት ቤት ደብዳቤ ተጽፏል፤ ቀርበሽ እንድታስረጂ። ታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። ከመዝገብ ቤት እንዳይወጣ ሁለት ሳምንት ደብቄ አቆየሁት። ከዚህ በላይ አልችልም።

ወልደጊዮርጊስ አንድ እርከን ዝቅ ተደርጓል። ዛሬም ያስተምራል።

ረቢያ

~

ጎባ፣ መጋቢት 14 ቀን 1978

እህቴ ረቢያ፣

ከሁሉ በፊት፦ ከመሐላሽ ፈትቼሻለሁ። ያሰርኩሽ እኔ ነኝ፣ የፈታሁሽም እኔ ነኝ፤ በሼኩ ፊት ዕዳው በኔ ላይ ይሁን። ማንም ከጠየቀሽ የምታውቂውን ሁሉ ተናገሪ። ደብዳቤዎቼን እንዳታቃጥያቸው፤ ማስረጃ ናቸው።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ምን እንደተሰማሽ ጻፊልኝ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፣ ደግ አደረግሽ። በሦስተኛው ቀን ጤቤ ከሪራ መጣች። የቦሩን ደብዳቤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። ማንበብ ስለማትችል የልጇን ወረቀት ሁሉ እኔ ነኝ የማነብላት፤ በአማርኛ የጻፈውን በኦሮምኛ እነግራታለሁ።

ደህና ነኝ ይላል። እግሬን ትንሽ አሞኛል ይላል። ስለ በጎቹ ይጠይቃል። ከታች ለብቻው እንዲህ ብሏል፦ «ለመምህርቴ ንገሪልኝ። እርስዎ ያስተማሩኝን ጻፍኩ። መጽሐፉ ሌላ ይላል፣ ሥዕሉ ግን የእርስዎ ነው። እኔ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ይንገሩኝ። እዚህ የሚነግረኝ ሰው የለም።»

ይህን መስመር ሳልነግራት ልዘለው አስቤ ነበር። ፊቴን አይታ «አነበብሽ፣ ዝም አልሽ። ምን ይላል?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ያስተማርሽው እውነት ነው?» አለች።

«እውነት ነው፣ አዴ ጤቤ» አልኳት።

«እውነት ከሆነ ለምን አባረሩት?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ወልደጊዮርጊስ፣ ሆን ብዬ ስላገላበጥኩት ገጽ፣ አንቺ ፍቺኝ ስትዪኝ እምቢ ስላልኩት ሁሉ። እግሯ ላይ ወደቅኩ። ትረግመኛለች ብዬ ነበር፤ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። የልጇን ደብዳቤ መልሳ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ከዚያ «ተነሽ» አለችኝ። «መጀመሪያ ልጄን መልሽልኝ። የኔና የአንቺ ጠብ ከዚያ በኋላ ነው።»

የእምነት ቃሌን በሁለት ቅጂ በእጄ ጻፍኩ። ምዕራፉን ሆን ብዬ እንዳጣመምኩት፣ ቦሩ ምንም እንዳላወቀ፣ በክፍሉ ውስጥ እውነቱን የተናገረው እሱ ብቻ እንደነበር ጻፍኩ። ስድስቱ ምዕራፍ የማን እንደሆነም ጻፍኩ፤ ያንን አልተውኩለትም። ወልደጊዮርጊስን ይቅር አላልኩትም፣ አልለውምም። ኮሚቴው ፊት አብሮኝ ይቆማል፤ በልጁ ላይ የተናገረውንም እፊቴ ይድገመው።

ትምህርት ቤቱ እስኪጠራኝ አልጠብቅም። ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ከጤቤ ጋር እንነሣለን፤ ሻሸመኔ አድረን ማክሰኞ እንገባለን። ከአውቶቡስ ተራ ተቀበይን። በቀጥታ ኮሌጁ ነው የምንሄደው። ሆን ብዬ አደረግኩት ያለ ሰው «አሻጥር» ተብሎ ወዴት እንደሚወሰድ ሁለታችንም እናውቃለን።

ለጤቤ ማደሪያ ፈልጊላት። ከተማውን አታውቀውም፣ አማርኛውም ብዙ አይሆንላት፤ ቦሩ እስኪለቀቅ ከአጠገቧ አትራቂ። ለኔ ማደሪያ አትፈልጊ።

ማንያህልሻል